ልጁን ወደ ሩቅ አገር ለትምህርት ለሸኘ ቤተ ሰብ

በጎጃም ምድር ለትምህርት ሲሉ ከእናትና ከአባት ቤት መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፥ በገበዝ ማርያምና በዙሪያዋ ባለው ባላገር፥ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጫወቱ ያደመጠ ሰው፥ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ዱላውን ጨብጦ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፥ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሊቈጥር ስለ ሄደ አጎት ወይም ወንድም ሳይሰማ አይነሣም። ልጁ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ሳይሰናበት ነበር። አባቱ ለእርሻ፥ እናቱም ለከብቱ ስለሚፈልጉት፥ ቢናገር እንዳያስቀሩት ፈርቶ፥ ከብቱን ለእረኛ ጓደኛው አደራ ብሎ መንገዱን ይጀምር ነበር።

በደረሰበትም ደብር የተሰናዳ ቤት አይቈየውም። የቀደሙት ተማሪዎች ከሣር በሠሯት ጎጆ ውስጥ ጥግ ይሰጡታል፤ ቀን በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ የባላገሩ ውሻ ያባርረዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ይነክሰዋል፤ ማታ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ፥ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። አምስት ዓመት፥ አሥር ዓመትም ሲቀመጥ፥ ስለ መኖሩና ስለ መሞቱ ለቤቱ የሚነግርለት መንገደኛ ካልተገኘ በቀር ወሬው አይሰማም። እናቲቱም ከሩቅ ገበያ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ ትጠይቃለች። ክቡር ዶክቶር ሐዲስ ዓለማየሁ፥ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አውራጃ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የተመላለሱት በዚሁ የቤተ ክህነት ተማሪ መንገድ ነው።

ይህን ያነሣንበት ምክንያት የቀድሞውን ዘመን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ዛሬ ከዚያው አገር ወጥቶ ባሕር ማዶ የሚሻገረው ልጅ፥ መንገዱ ቢለወጥም፥ በቤቱ የሚተወው ባዶ ስፍራ ያው ስለ ሆነ ነው። የቅኔው ተማሪ ምንም ቢርቅ ወደ ራሱ አገር ቋንቋ፥ ወደ ራሱ አገር ጾምና በዓል፥ እሱን መሰል ሰዎች ወደሚኖሩበት ደብር ነበር የሚሄደው። የአሁኑ ልጅ ግን በአንድ ሌሊት ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከቡሬ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ደጀን ሲደርስ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፥ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን በጃፓን እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ ከቦሌም በሌሊት አይሮፕላን ቢሳፈር በማግሥቱ ጧት በኤውሮፓ ምድር ይገኛል። ከትናንት በስቲያ በጤፍ ማሳ ዳር የቆመ ልጅ፥ ዛሬ በረዶ ላይ ይቆማል። እግሩ ፈጥኖ ደርሷል፤ ልቡ ግን ገና ዓባይን አልተሻገረም።

የቀደሙት ተጓዦች ቢያንስ በመንገድ ላይ ለመለማመድ ጊዜ ነበራቸው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ነው፤ (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ ጉዞ ዘመኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው፤) ከዚያ በፊት የነበረው ሰው በበቅሎና በእግር በረሃውን እያቋረጠ ነበር ወደ ባሕሩ የሚወርደው። ባቡሩም ከመጣ በኋላ ሌሊት አይሄድም ነበርና በአዋሽና በድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ወደብ ይደርሳል፤ ከዚያ መርከቡ ቀይ ባሕርን ይዞ በስዊስ ቦይ አልፎ ወደ ማርሴይ ይሻገራል። ብርዱም፥ ቋንቋውም፥ የሰዉም ጠባይ ለተጓዡ ቀስ በቀስ ይገለጥለት ነበር።

ከእነዚያ ተጓዦች ጥቂቶቹን እናስታውስ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዐድዋ ጦርነት በተደረገበት ዘመን፥ በ1896፥ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ሳሉ ነው ሌዎንቲዬፍ ከሚባለው የመስኮብ ሰው ጋር ወደ ሩስያ የሄዱት። በዚያም በደግ ሰዎች ቤት አድገው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ከ10 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ተመልሰውም የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር ጻፉ፤ በ1931 የታወጀውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በ1935ም በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተናገሩ። የሕይወት ታሪካቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈው ስለ ተዉልን፥ አንድ የኢትዮጵያ ሕፃን በባዕድ ቤት እንዴት እንደሚያድግ ማወቅ የሚወድ ሰው ከዚያ ሊያነበው ይችላል። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ከጠላት ወረራ በኋላ «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፉ፥ የመረጡት ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ተምሮ ስለሚመለስ የባላገር ልጅ መናገርን ነበር። ለእኛ እንደሚመስለን የአባትየው ጉዞ በቤቱ ውስጥ ሲነገር የኖረ ነገር ሳይሆን አልቀረም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ የዐድዋ ልጅ ናቸው። በምጽዋ አጠገብ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳሉ መርከብ ሊያዩ ወጥተው፥ በዚያው ተሸሽገው ባሕሩን እንደ ተሻገሩ ይነገራል፤ በኋላም በኦስትርያ ሰዎች ቤት አድገው በጀርመን አገር ሕክምና ተምረዋል። የእርሳቸው አወጣጥ ከብቱን ትቶ ወደ ዋሸራ ከሚኰበልለው ልጅ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በ1919 በሕዳር በሽታ ዘመን በወጣትነት ቢሞቱም፥ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፉት መጽሐፍ ዛሬም ይጠቀሳል።

አሁን ደግሞ ወደ ጣና ዳር እንመለስ። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 በዘጌ ተወልዶ፥ በ1887 ወደ ኢጣልያ ተልኮ በቶሪኖ ከተማ የሥዕል ትምህርት ተማረ። እጁም ብዕሩም የተባረከ ሰው ነበር፤ በ1908 በሮማ ያሳተመው ታሪክ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ በናፖሊም አማርኛ አስተምሯል። ነገር ግን በዐድዋው ዘመን፥ ከስዊስ ወጥቶ ወደ ኢጣልያኖች ወገን ገባ፤ ከ40 ዓመት በኋላም ጠላት ሁለተኛ ሲመጣ ከጠላት ጋር ቆመ። በ1947 በጅማ በግዞት ሳለ ሞተ። ሥራውን ሁሉ ለመመርመር ይህ ቦታ አይደለም፤ ለራሱ ጥቅም ነው ወይስ በሌላ ምክንያት ነው ብለን ለመፍረድም አንጥርም። ነገር ግን የሰው ልብ ከአገሩ የሚለየው በአንድ ቀን ነው ብለን አናምንም። ባልተጻፈ ደብዳቤና ባልተጠየቀ ጥያቄ፥ በዚህም በዚያም ባዳ ሆኖ በመቅረት፥ ጥቂት በጥቂት ይለያል። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች፥ ዮሴፍና ብንያም፥ ጦርነቱን ሰምተው ወደ አገራቸው መጥተው፥ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በጠላት እጅ ተገደሉ። ዶክቶር መላኩ በያንም በ1921 ወደ ሕንድ፥ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደው በሐዋርድ ዩኒቬርሲቲ ሕክምና ተምረው፥ ወረራው ሲነሣ በኦጋዴን ቍስለኞችን አከሙ፤ ከዚያም በኒው ዮርክ ሆነው ለአገራቸው ሲሟገቱ በ1940 ዐረፉ። ሁሉም ያው ባሕር ያሻገራቸው ልጆች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ወደ ተራው ቤት፥ ስሙ በታሪክ ወደማይጻፈው ልጅ እንምጣ፤ ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ ነውና።

ልጁ በደረሰበት አገር መጀመሪያ የሚያጣው ስሙን ነው። ለምሳሌ ስሙ ጌትነት፥ አባቱ አላምረው ቢባል፥ የጽሕፈት ቤቱ ሰው «ሚስተር አላምረው» ብሎ ይጠራዋል። ልጁም አባቱ ከኋላው የቆመ መስሎት ዞር ይላል። በእኛ ዘንድ አባት በልጁ ስም አጠገብ ይቆማል እንጂ የልጁን ስም አይወስድበትም፤ በእነርሱ ዘንድ ግን የቤተ ሰብ ስም የሚሉት አለ፥ ሌላውም ሰው የሚያውቀው በእርሱ ነው። ስለዚህ ገና አገር ቤት ሳለ በትምህርት ማስረጃው፥ በልደት ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ የራሱም፥ የአባቱም፥ የአያቱም ስም በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል እንዲጻፍ ማድረግ ይገባል። በአንዱ ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ተጨምሮ በሌላው ቢጎድል፥ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ ተብሎ ወራት የሚፈጅ ምልልስ ያመጣል። የልደት ዘመኑም በእኛ አቆጣጠርና በእነርሱ መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው፥ በጥንቃቄ ተሰልቶ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የሚያጣው ሰዓቱን ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቈጥር፥ የእነርሱ ሰባት ሰዓት ጧት የእኛ አንድ ሰዓት ነው። በሁለት ሰዓት ና የተባለ ልጅ፥ እነርሱ ከቀትር በኋላ ማለታቸው ሲሆን፥ እርሱ በማለዳ ተነሥቶ ስድስት ሰዓት ያህል በብርድ ደጅ ይጠናል። ይህስ ያስቃል፥ በኋላም እርሱ ራሱ ሲያወራው ይስቃል። የማያስቀው የማዕዱ ነገር ነው። በቤቱ ከአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ፥ እናቱ ስታጎርሰው ያደገ ልጅ፥ በዚያ የራሱን ሳህን ይዞ ብቻውን በግድግዳ ትይዩ ይበላል። ብላልኝ፥ ጨምር፥ በሞቴ የሚለው ሰው የለም። አንድ ጊዜ «ይበቃኛል» ቢል ሳህኑ ይነሣል። ብዙ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት የሚከሱት ምግብ ጠፍቶ አይደለም።

ስለ ስንቅም ጥቂት እንበል። በሶና ቆሎ፥ ድርቆሽ፥ ሽሮና በርበሬ ደኅና ስንቆች ናቸው፤ በደንብ ደርቀው በደንብ ከታሸጉ ይሄዳሉ። ሥጋና ቅቤ ግን ብዙ አገሮች አያስገቡም፤ እናት ሌሊቱን ሁሉ ያሰናዳችው ቋንጣ በአይሮፕላን ጣቢያው ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ማየት ለልጁ የመጀመሪያው ኀዘን ይሆንበታል። ጋቢ ይያዝ። የክረምቱን ካፖርትና ጫማ ግን በደረሰበት አገር ቢገዛ ይሻላል፥ የእኛ ገበያ የዚያን ብርድ አያውቅምና። ማስረጃዎቹን ሁሉ በእጁ ይያዝ እንጂ ከሚጫነው ሣጥን ውስጥ አይክተት።

አሁን ዋናውን ጉዳይ እንናገር። ልጁ ከሄደ በኋላ በቤቱና በእርሱ መካከል፥ ሁለቱም በደግ ልብ የሚናገሩት ሐሰት ይጀመራል። እርሱ «ደኅና ነኝ፥ ምንም አልጎደለብኝም» ይላል፤ ትምህርቱ ግን ከብዶት፥ መምህሩ የሚናገረውን እኩሌታ ሳይሰማ፥ ሌሊት ያለቅሳል። እነርሱም «ሁላችንም ደኅና ነን፥ አንተ ለትምህርትህ ብቻ አስብ» ይሉታል፤ ነገር ግን አንዱ በሬ ለጉዞው ተሸጧል፥ ዝናቡም ዘግይቷል። በድሮ ዘመን ደብዳቤው ወራት ይፈጅ ስለ ነበር፥ የተጻፈውም ሲደርስ ነገሩ ሁሉ አልፎ ስለሚገኝ፥ ይህ ያን ያህል አይጎዳም ይሆናል። ዛሬ ግን ስልክ በእጅ ሆኖ በየሳምንቱ ይህን ሐሰት መለዋወጥ፥ ቀስ በቀስ ሁለቱን ወገን እንግዳ ያደርጋል። ልጁ የሚናፍቀው ቤት ከሄደበት ቀን ጀምሮ ያልተለወጠ ቤት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ በምድር ላይ የለም።

ከሁሉ የሚከፋው የመርዶ ነገር ነው። በአገራችን ሰው ሞቶበት ለማያውቅ ሰው መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድና ሽማግሌ አስቀድሞ ተመካክሮ፥ ንስሐ አባትም ካሉ ተጠርተው፥ ሳይታሰብ ቤቱን ሞልተው ይገቡና ይነግሩታል፤ ደግፈውም ይይዙታል፥ አብረውም ያለቅሳሉ። እጅግ ያማረ ሥርዓት ነው። ልጁ ባሕር ማዶ ሲሆን ግን ይህን ማድረግ የማይቻል ስለሚመስል፥ ቤተ ሰቡ «ትምህርቱን ይጨርስ» ብሎ ይሸሽገዋል። እናት ብትሞት፥ ልጁ ሲደውል «ጠበል ሄዳለች» ይባላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት «ጕንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል»፤ በሚቀጥለው «እኅትህ ዘንድ ሰንብታ ትመጣለች»። እንዲህ እየተባለ ዓመት፥ ሁለት ዓመት ያልፋል። ልጁ ዲፕሎማውን ይዞ፥ ለእናቱ ነጠላና መድኃኒት ገዝቶ ሲመለስ፥ በአይሮፕላን ጣቢያ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ይቀበሉታል።

ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ እንዲያውም ከፍቅር ብዛት ነው የሚያደርጉት። በታላላቆቹም ቤት፥ በተማሩትም ቤት ይደረጋል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። አንደኛው ነገር፥ ልጁ ብዙ ጊዜ ያውቃል። በስልኩ ውስጥ የአባቱ ድምፅ እንደ ተለወጠ፥ ታናሽ እኅቱ ስልኩን ቶሎ ለሌላ እንደምትሰጥ ያስተውላል፤ ነገር ግን ለመጠየቅ ይፈራል፥ ጠይቆም እንዳይሸነግሉት ይፈራል። በዚህም ዘመን የሩቅ የአጎት ልጅ በፌስቡክ ላይ ፎቶግራፏን አውጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጽፍበታል፥ ልጁም በሌሊት ብቻውን በመኝታ ክፍሉ ያነበዋል። መርዶውን የነገረው ሽማግሌ ሳይሆን ስልኩ ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደኅና ነን» የሚለውን ቃል አያምንም። አባቱ ጥቂት ቢያስላቸው ሞቱ ብሎ ይደነግጣል፤ ስልክ ቢዘገይ እንቅልፍ ያጣል። ትምህርቱን እንዲጨርስ ተብሎ የተሸሸገው ነገር፥ ትምህርቱን ይበላዋል። ሦስተኛውም፥ እናቱን ሳያለቅስላት የቀረ ልጅ፥ ተዝካሯን ሳያይ፥ ለመቃብሯ አፈር ሳይጥል የቀረ ልጅ፥ ወደዚያ ቤት የሚመልሰውን ገመድ እኩሌታውን ያጣል።

የመርዶ ሥርዓት የተሠራው ሰው ብቻውን እንዳያለቅስ ነው እንጂ ሳያለቅስ እንዲቀር አይደለም። ይህም በባሕር ማዶ ሊደረግ ይቻላል። ዛሬ በሎንዶን፥ በዋሽንግተን፥ በፍራንክፉርትና በሌሎችም ብዙ ከተሞች የኢትዮጵያውያን ማኅበርና ቤተ ክርስቲያን አለ። ልጁ እንደ ደረሰ፥ ቤተ ሰቡ በዚያ ከተማ ወይም በቅርቡ ካሉ ኢትዮጵያውያን የሁለት ወይም የሦስት ሰዎችን ስምና ስልክ ቢያንስ ይያዝ። ነገሩ ከመጣም ለእነርሱ ይነገር፤ እነርሱም እንደ አገራችን ሥርዓት በማለዳ፥ ቡናና ዳቦ ይዘው፥ ተሰብስበው ሄደው ይንገሩት፤ ያን ቀንና ሌሊቱንም ብቻውን አይተዉት። ከዚያ በኋላ አባቱ ራሳቸው ይደውሉ። ፈተናው በዚያው ሳምንት ቢሆን፥ ፈተናው እስኪያልፍ ጥቂት ቀን መጠበቅን እኛም አንቃወምም፤ ወር ሲሆን ግን መሸሸግ ይባላል። ብዙዎቹ ዩኒቬርሲቲዎችም ለኀዘን ቀን ይሰጣሉ፥ ፈተናም ያዘዋውራሉ፤ ልጁ አፍሮ ካልጠየቀ፥ ያገሩ ሰዎች አብረውት ሄደው እንዲጠይቅ ያድርጉት።

ስለ ገንዘብም እንዲሁ ነው። በሬ ተሽጦ ከሆነ በሬ መሸጡን ይወቅ፤ ብድር ካለ ብድሩ ስንት እንደ ሆነ ይወቅ። ይህን የምንለው ልጁን በዕዳ ለማስጨነቅ አይደለም። የቤቱን ችግር የሚያውቅ ልጅ የቤቱ ሰው ሆኖ ይኖራል፤ የማያውቅ ልጅ ግን እንግዳ ነው፥ እንግዳም ሲመለስ እንደ እንግዳ ይቀበሉታል፥ እንደ እንግዳም ይሄዳል። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የታላላቅ ቤቶች ጠባይ አለ፤ ልጁ ገና ከመሄዱ «ዶክቶር ሆኖ ይመጣል» ብለው በየግብዣው ይናገራሉ። ልጁም በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱ ባይሆንለት፥ ሌላ ሙያ ቢመርጥ፥ ወይም ቢወድቅ፥ ይህን ለመናገር አፉ ይያዛል፤ ተመልሶ ከሚያፍር በዚያው መጥፋትን ይመርጣል። ቤቱ በስሙ ያልማለበት ልጅ ግን ወድቆም ቢሆን ሊደውል ይችላል።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1868 በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኰንን ተወስደው በሕንድ አገር አድገው፥ በላሖር ሕክምና ተምረው፥ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1899 ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አማርኛ አያውቁም ነበር። ዘመዶቻቸው ያወቋቸው በልጅነታቸው በአካላቸው ላይ በቀረው ጠባሳ ነው። ያ ቤተ ሰብ ስልክ አልነበረውም፥ ደብዳቤም የሚልክበት አልነበረውም፥ ልጁ በሕይወት መኖሩንም አያውቅም ነበር፤ ሆኖም ጠባሳውን አልረሳም። በየእሑዱ ስልክ የሚደውል ቤት፥ ልጁን በድምፁ ብቻ እያወቀ ሌላውን ሁሉ ሳያውቅ ቢቀር፥ ነውሩ የማን እንደሚሆን አንባቢ ይመልከተው።

ለስልኩ የሚሆን አንድ ነገር እንጨምር። ሰዓቱ በየአገሩ ይለያያልና፥ ልጁ በጀርመን ቢሆን በክረምታቸው ከእኛ ሁለት ሰዓት፥ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በዋሽንግተን ቢሆን ስምንት ወይም ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በቻይና ቢሆን አምስት ሰዓት ወደ ፊት ነው። በአሜሪካ ላለ ልጅ፥ በእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢደወል በእርሱ ዘንድ ገና ቀትር ገደማ ስለ ሆነ በትምህርት ላይ ይገኛል፤ በእኛ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ቢደወል ግን በእርሱ ማለዳ ነው፥ ከእንቅልፉም ተነሥቶ ይሆናል። አያቱም በዚያ ሰዓት ከቤት ስለሚኖሩ፥ ስልኩ ለእርሳቸውም ይሰጥ፤ ጆሯቸው ቢከብድ እንኳ ልጁ ድምፃቸውን ይስማ።